ኪሱ በስተቀኝ ይሁን

መስከረም 12

ለአክስቴ ልጅ፣ ለድምቡሼ፤

እንዴት ሰነበትክልኝ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፣ አለቃህን ያለዝብልህ። እኛ ከእኔ ልብ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። እናትህ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ጤነኛ ነው፤ ትናንት ብቻ ሦስት ሰው አስቀይማለች።

እዚህ ሰው ሁሉ "ስልክ እያለ ደብዳቤ?" እያለ ይስቅብኛል። ክር በስልክ አይላክም እላቸዋለሁ። የዛሬ ስምንት ዓመት የአንገትህን ልክ በስልክ "አሥራ አምስት" ብለኸኝ፣ አንተ በኢንች ተናግረህ፣ እኔ በሴንቲሜትር ሰምቼ፣ ለአከራይህ ሕፃን ያዘዝክ መስሎኝ አሻንጉሊት የሚያህል ሸሚዝ የሰፋሁልህን አልረሳሁም። ስለዚህ እንደ ዓመቱ ሁሉ ክርህን ላክ፤ አንደኛው ቋጠሮ አንገት፣ ሁለተኛው ትከሻ፣ ሦስተኛው ደረት፣ አራተኛው እጅጌ። እኔ እሰፋለሁ፣ ቁልፉን እናትህ ትተክላለች፣ አንተ ትለብሳለህ።

አሁን ወደ ልቤ ልምጣ። ዓመት ከሦስት ወር ሆነው ከተሳሳተ። በፊት መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ነበር፤ አሁን ጠቅልሎ ገባና አልወጣም አለ። ሐኪሞቹ "ኤትሪያል ፊብሪሌሽን" ይሉታል። እኔ "ያ ነገር" ነው የምለው፤ ስሙን ለመጥራት ራሱ ትንፋሽ ይጠይቃል። የላይኛው የልቤ ክፍል መምታቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል፤ ልክ ቀበቶው የላላ የስፌት መኪና። ወደ ሱቄ የሚወጣው ደረጃ ሃያ ሁለት ነው፤ አሥራ አንደኛው ላይ ቆሜ መስኮት የማይ እመስላለሁ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጡኝ ኪኒን ደግሞ መርፌ በወጋኝ ቁጥር ጉድ ያደርገኛል፤ ባለፈው ሳምንት ሦስት የተማሪ ነጭ ኮሌታ በደም አበላሽቻለሁ።

መድኃኒቱ አልያዘውም፤ በኤሌክትሪክ መትተውም ሞከሩት፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ተመለሰ። አሁን በብሽሽት በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው ከውስጥ ይተኩሱታል አሉኝ፤ አብሌሽን ነው የሚባለው። ትልቁ ሆስፒታል ያለችው ወጣቷ ዶክተር "ከሳንባ ወደ ልብ የሚገቡትን የአራቱን ደም ሥሮች አፍ ዙሪያውን እንዘጋለን፣ ረባሹ ኤሌክትሪክ ከዚያ ነው የሚነሳው፤ በቃ" አለች። ባለ መስታወት በር ክሊኒክ ያለው ፕሮፌሰር ደግሞ "አራቱ ብቻ ለእርስዎ አይበቃም፤ የልቡን ጣሪያም የኋላ ግድግዳም መስመር በመስመር እንተኩሳለን፤ አንዴ ከገባን ሁሉንም ጨርሰን እንወጣለን" አለኝ። ሾፌሩ ወንድሜ በበኩሉ "ልብ የመኪና ሞተር መሰለሽ? ተይው፣ ሱቅሽን ሽጭና አርፈሽ ተቀመጪ" ይላል። አርፎ መቀመጥን ለመቃብር ጊዜ አቆይቼዋለሁ።

አንተ እዚያ ሰው አገር፣ ሆስፒታል የልብ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሽቦውን የምታዘጋጀው አንተ ነህ። የትኛው ይሻላል? እንደ ዘመድ ሳይሆን እንደሚያይ ሰው ንገረኝ።

እህትህ፣ ሰፊዋ

—

ጥቅምት 3

ለተከበርሽው እትዬ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ለእናቴ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ደህና ነው፣ ትንሽ ጉንፋን ብቻ ይዞታል በያት።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት አነበብኩት። እትዬ፣ ሳታመነቺ የፕሮፌሰሩን ምረጪ። ያንቺ መጥቶ የሚሄደው ዓይነት አይደለም፤ ዓመት አልፎታል፣ በግድግዳው ሁሉ ገብቷል። ቤት ሲቃጠል በሩ ላይ ብቻ ውኃ ደፍቶ የሚመለስ ሰው አለ? እዚህ እኛ ጋ ትልልቆቹ ሐኪሞች አምስት ሰዓት ቆመው ሁሉንም ሲሠሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ስክሪኑ ላይ ልቡ በቀለም ተስሎ፣ የተተኮሰው ነጥብ በነጥብ ሲሞላ ስታዪው ታምኛለሽ። ወጣቷ ዶክተር ልምድ ስለሌላት ይሆናል አራቱ ላይ የምታቆመው። ባይሆን እዚህ መጥተሽ የምትታከሚበትን መንገድ እጠይቃለሁ፤ እስከዚያ ምንም እንዳታስነኪ።

ክሩን ልኬያለሁ። እንዲያው ዘንድሮ ኪሱን በቀኝ በኩል አድርጊልኝ። እዚህ ፋሽን ነው።

ወንድምሽ

—

ጥቅምት 20

ለድምቡሼ፤

ጤና ይስጥልኝ፣ ጉንፋንህን ይንቀልልህ። እናትህ "ይሄ ጉንፋን ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ተከራየ እንዴ?" ብላለች።

ደብዳቤህን ይዤ ዶክተሯ ጋ ሄድኩ። "የአክስቴ ልጅ የልብ ክፍል ይሠራል፤ አንቺን ልምድ የላትም ይላል" አልኳት ፊት ለፊት። ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። ወንበሯን ሳበችና፣ "እናቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ልብስ ሰፊ ነኝ።"

"ጨርቁ ባልተቀደደበት ቦታ ስፌት ቢጨምሩበት ምን ይሆናል?"

"በስፌቱ በኩል ይቀደዳላ! የመርፌ ቀዳዳ በመርፌ ቀዳዳ ላይ ሲደረደር ጨርቁን ወንፊት ነው የሚያደርገው። ለጀማሪ ሠራተኛ መጀመሪያ የምነግራት ይሄን ነው።"

"እንግዲያው ገብቶዎታል" አለችኝ። የተተኮሰ ቦታ ሁሉ ጠባሳ ይሆናል። መስመሩ ሳይገጥም አንዲት ክፍተት ከቀረች ደግሞ ኤሌክትሪኩ በዚያች ክፍተት እየዞረ ሌላ አዲስ ግልቢያ ይጀምራል። እኔም አልለቀቅኳትም፤ "አንቺ ስላልሽ ነው ወይስ ታይቷል?" አልኳት። ታይቷል አለች። እንደኔ ያለ የማይለቅ ሕመም ያለባቸውን ብዙ ሰዎች በዕጣ ከፋፍለው፣ ለአንዱ ቡድን አራቱን ብቻ፣ ለሌላው መስመር ጨምረው ሠርተው፣ ዓመት ተኩል ሲከታተሉ፣ የተጨመረው ብልጫ አላሳየም። "ለአንዳንድ ሰው ሊጠቅም ይችላል፤ ለማን እንደሆነ ገና እየተጠና ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስገባ ከአራቱ አላልፍም። ከተመለሰ ሁለተኛ ጊዜ እንገባለን። አንዴ ብቻ ብዬ አልምልልዎትም" አለችኝ። ይሄ ነው የማረከኝ ድምቡሼ። ፕሮፌሰሩ ማለልኝ፤ እሷ አልማለችልኝም። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ "በአንድ ልክ ፍጹም ይሆንልሻል" ብዬ ለደንበኛ ምዬ አላውቅም፤ የሚምል ሰፊ ካየህ ጨርቅህን ይዘህ ሩጥ።

በምን እንደሚሠራም ጠየቅኋት። በሙቀት አለ፤ ጫፉ በሚቀዘቅዝ ፊኛ አለ፤ አሁን ደግሞ በአጫጭር የኤሌክትሪክ ምት የሚሠራ አዲስ መጥቷል፤ ከልብ ጀርባ ያለውን የምግብ ቧንቧ ብዙም አይነካም ይባላል። እነሱ ጋ ያለው ፊኛው ነው። ይሁን አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ከሙቀት ጋር ራሴ ተጣልቻለሁ።

ስለዚህ ቆርጫለሁ፤ አራቱ ብቻ። ወንድሜ አኩርፏል፤ ያኩርፍ፤ ኩርፊያው ከመኪናው ጡሩምባ ይሻላል።

አንተን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናንተ ክፍል ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሰው የሚመጡት የትኞቹ ናቸው? አራቱን ብቻ የተሠሩት ናቸው ወይስ ግድግዳውን ሁሉ? ቆጥረህ ጻፍልኝ።

ክርህንም ለካሁት። ደረትህ ካምናው አራት ጣት ቀንሷል። ድምቡሼነትህን የት ጣልከው? ኪሱስ ለምንድን ነው የሚዞረው? ፋሽን ነው ብለህ ለልብስ ሰፊ አትጻፍ።

እህትህ

—

ታኅሣሥ 28

ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ። ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ።

ስለ ጥናት የነገረችሽን ሰምቻለሁ። ጥናት ጥናት ነው፤ እኔ ግን በየቀኑ የማየውን አውቃለሁ። ሐኪም መሆን ቀርቶ መርፌ ብቻ የምትይዢ ሰው በስፌት ልብን ልትመዝኚ ነው? ትንሽ ልብስ ነው እንዴ? አራቱ ብቻ ተሠርቶ ሲመለስ "ምነው በሰማሁት" ትያለሽ፤ ያኔ እንዳልነገርኩሽ አታድርጊ።

የሚመለሱትን ቁጠር ያልሽኝ የእኔ ሥራ አይደለም።

ክብደት የቀነስኩት ስለምሮጥ ነው። ኪሱን እንዳልኩሽ አድርጊው፤ ካልሆነ ያለ ኪስ ይሁን። እናቴን ስለኔ ምንም አትጠይቂያት፣ ምንም አትንገሪያት።

ወንድምሽ

—

ጥር 15

ለአክስቴ ልጅ፤

ሰላምና ጤና ለአንተ ይሁን፤ ዛሬ ምርቃቱን አሳጥሬዋለሁ፤ ተናድጃለሁ።

ሁለት ወር ከስምንት ቀን ዝም ብለህ ከርመህ፣ ከዚያ "መርፌ ብቻ የምትይዢ" ትለኛለህ? ይሄ መርፌ ነው አንተን አልብሶ ትምህርት ቤት የላከው። ደህና። መርፌ የያዘች ሴት ምን እንደምታውቅ ላሳይህ።

በሥራዬ ኪሱን በቀኝ ያሰፋ ሁለት ዓይነት ሰው ነው ያየሁት። አንደኛው ግራኝ ነው። አንተ ግራኝ አይደለህም፤ የሱቄን መስኮት የሰበርከው በቀኝ እጅህ ነው። ሁለተኛው የደረጃው ግርጌ ያሉት ጡረተኛ መምህር ናቸው። ባለፈው ዓመት ሸሚዝ ሲያሰፉ፣ "ልጄ፣ ኪሱን ወደ ቀኝ አዙሪልኝ፤ በግራ በኩል ከቆዳዬ ሥር የልብ ምት የሚያግዝ ባትሪ ተቀብሯል፤ መነጽሬን ስከት ይጫነኛል" ብለውኛል። እጄን ይዘው አስነክተውኛል፤ የክብሪት ሳጥን ያህላል።

ደብዳቤህ እንደመጣ ወርጄ እሳቸውን ጠየቅኋቸው። "ኪስ በቀኝ፣ ፋሽን ነው የሚባልበት አገር ሰምተው ያውቃሉ?" አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና፣ "እኔም ለልጆቼ ፋሽን ነው ነበር ያልኳቸው" አሉኝ።

እንግዲህ ጨርሻለሁ። ባትሪ አለህ። ልብህም እንደኔ ልብ ነበር፤ አያታችንም "ልቤ ጋለበ" እያሉ ነው የኖሩት፤ የቤታችን ነው። ተተኩሰሃል፤ የተተኮስከውም በፕሮፌሰሩ ዓይነት ነው፤ ለዚያ ነው ስለሱ ስጠይቅህ እንደ ተነካ ቁስል የምትጮኸው። ተሳስቼ ከሆነ መልሰህ ጻፍና ሞኝ በለኝ።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ አልሰማህም? እኔስ እሺ። እናትህ ግን?

የእኔ ቀን ጥር 29 ነው። ፈርቻለሁ፤ አልዋሽህም። ግን በፍርሃት አልመርጥም፤ በወንድሜ ኩርፊያም አልመርጥም፤ አንተ የራስህን እንድታምን ብዬም የእኔን ልብ አላስተኩስም። አራቱ ብቻ!

ሸሚዝህ ተቆርጧል። ኪሱ በስተቀኝ ነው። ሲያልቅ እንደ ዓመቱ ለቁልፍ ወደ እናትህ ይሄዳል፤ እሷም እንደ እኔ ዓይን አላት። እኔ አልነግራትም፤ አፌን ሰፍቼዋለሁ። ሸሚዙ ከመድረሱ በፊት ግን አንተ ንገራት።

እህትህ

—

የካቲት 4

እትዬ፤

ይሄን ስጽፍ አንቺ ከጠረጴዛው ወርደሻል። እንዴት እንደሆንሽ አላውቅም። ስልክ ደውዬ ሾፌሩ ወንድም ጋሼ ሲያነሳ ዘጋሁት።

አልተሳሳትሽም።

ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። በራሴ ክፍል፣ በየቀኑ ሰው በማወጣበት ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ። ባልደረቦቼ ናቸው ያስተኙኝ፤ አንዱ "ዛሬ ማን ነው ሽቦውን የሚያዘጋጀው?" ብሎ ቀለደ። ሐኪሙ ሁለት ምርጫ ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ነኝ "ሁሉንም ሥራው፣ ተመልሼ እዚህ ጠረጴዛ ላይ መተኛት አልፈልግም" ያልኩት። አምስት ሰዓት ፈጀ። ስድስት ወር እንደ ልጅ ሮጥኩ። ከዚያ ሌላ ዓይነት ግልቢያ መጣ፤ በመስመሩ መሐል በቀረች ክፍተት የሚዞር፤ ልክ ዶክተሯ እንዳለችሽ። ሁለተኛ ጊዜ ገባሁ። ግልቢያው ቆመ፤ ግን የራሴ ምት በጣም ዘገየ። አንድ ቀን ሕመምተኛ በአልጋ እየገፋሁ ኮሪደሩ ላይ ወደቅኩ። ሕመምተኛው ነው ለእኔ ነርስ የጠራልኝ። ከዚያ ባትሪው፤ ካምናው ሸሚዝ በኋላ ነው የገባልኝ።

በሐኪሙ አልፈርድም። አራቱን ብቻ ብሠራ ምን እሆን እንደነበር ማንም አያውቅም። ግን እትዬ፣ አንቺ አራቱ ብቻ ስትዪ፣ "አንተ በከንቱ ነው የተተኮስከው" ያልሽኝ መሰለኝ። ያንቺን ልብ ይዤ የራሴን ስከላከል ነበር። መርፌ ያልኩሽን ይቅር በዪኝ።

የጠየቅሽኝን ቆጥሬያለሁ፤ ወር ሙሉ በማስታወሻ ደብተሬ። ከሁለቱም ዓይነት ይመለሳሉ። በአዲስ ግልቢያ የሚመለሱት ግን ባብዛኛው እንደኔ መስመር የበዛባቸው ናቸው። ያንድ ወር ቆጠራ ነው፤ ጥናት አይደለም። ለዶክተሯ እንደዚያ ብለሽ ንገሪልኝ።

እናቴን ምን ብዬ ልንገራት? ስሜን ስትጠራ ገና ስለ ጉንፋን ማውራት እጀምራለሁ።

ድምቡሼ ያልሆነው ድምቡሼ

—

ግንቦት 6

ለአክስቴ ልጅ፤

አንተ ልጅ፣ እንዴት ከረምክ? ባትሪህ እንዴት ነው? ዛሬ ምርቃቱን አስረዝማለሁ፤ ዕድሜ ይስጥህ፣ ጤና ይስጥህ፣ ከኮሪደር መውደቅ ይሰውርህ፣ ልብህንም ምላስህንም ያቃናልህ።

ሳልጽፍ የቆየሁት ሦስት ወሬ አንድ ላይ ለመላክ ነው።

አንደኛው የእኔ ነው። ጥር 29 ጠዋት ገባሁ። አስቀድመው መድኃኒት ስለሰጡኝ ግማሹን በእንቅልፍ ነው ያሳለፍኩት። ፊኛው ሲቀዘቅዝ፣ በረዶ ቶሎ ሲዋጥ ግንባርን እንደሚወጋው ወጋኝ። "ዶክተር፣ ስንተኛው ላይ ነን?" እላለሁ፤ "ሁለተኛው" ትላለች። ኋላ "አራተኛው፤ ጨርሰናል" ስትል፣ "ከአራት አላለፍሽም አይደል?" አልኳት። አጠገቧ ያለው ነርስ "እኚህ ሴትዮ ልክ ሊወስዱ ነው የመጡት እንዴ?" አለ። እናትህ ውጪ ተቀምጣ ነበር፤ ስወጣ የመጀመሪያ ቃሏ፣ "ያ ልጅ ደውሏል?" ነው። እኔ ብሽሽቴ በፋሻ ታስሮ፣ አፌም በምስጢርህ ታስሮ፣ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ደብዳቤህ በሦስተኛው ሳምንት ደረሰኝ፤ ተኝቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

በስድስተኛው ሳምንት ጋለበብኝ። የተማሪ ኪስ እየለጠፍኩ ነበር። ወንድሜ ሮጦ መጣና "አላልኩሽም? አላልኩሽም?" አለ፤ የጓጓ ነው የሚመስለው። "ስማ፣ ሦስት ወር ቁስሉ የሚሽርበት ነው፤ አዲስ ጫማ እንኳ በመጀመሪያው ሳምንት ይነክሳል፤ ከመንገድህ ዞር በልና ሆስፒታል አድርሰኝ" አልኩት። አንድ ጊዜ በኤሌክትሪክ መቱኝ፤ ተስተካከለ። ባለፈው ሰኞ ሦስት ወር ሞልቶኝ ታየሁ። የልብ ምቴ የተሣለበትን ወረቀት ራሴ ተቀብዬ በመለኪያ ሜትሬ ለካሁት፤ ከምት ምት እኩል ነው፤ አንዲት ነጥብ አልዘለለም። ዶክተሯ "ገና ዓመቱን እንጠብቃለን፤ ሊመለስ ይችላል" አለች። ይመለስ! ከተመለሰ ሃያ ሁለቱን ደረጃ በእግሬ ወርጄ፣ ያንኑ ጠረጴዛ ወጥቼ እተኛለሁ። ዛሬ ግን አሥራ አንደኛውን ሳልቆም አለፍኩት። መስኮቱ ምን እንደሚያሳይ እንኳ ረሳሁ።

ሁለተኛው ያንተ ነው። ቆጥረህ የላክልኝን ለዶክተሯ አነበብኩላት፤ "ለዚህ ሰው ሰላም በዪልኝ፤ መቁጠሩን እንዳይተው" አለች። አንተ በከንቱ አልተተኮስክም፤ በጊዜው ባወቅከው መረጥክ። እኔም የመረጥኩት ባወቅሁት ነው፤ ግማሹ እውቀት የመጣው አንተን በጥያቄ ከመነዝነዝ ነው። ስለዚህ ያ አምስት ሰዓትህ ለእኔ ጠቅሟል። ይሄን ደረትህ ላይ ለጥፈው።

ሦስተኛው የእናትህ ነው። ስልክ ደውለህላት የነገርካት ቀን አጠገቧ ነበርኩ። ሌላ እናት ብትሆን "ሆዴ ነግሮኝ ነበር" ብላ ታለቅስ ነበር። እሷ ተቆጣች! ስልኩን ከዘጋችው በኋላ ነው ደግሞ የባሰባት፤ "ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ጉንፋን እያለ! ባትሪ የሚገባበት ጉንፋን የት አገር አለ?" እያለች ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እኔንም "አንቺስ ታውቂ ነበር?" አለችኝ። "ሸሚዙን ሰፍቻለሁ" አልኳት። ለሁለት ቀን ሱቄን አልረገጠችም። በሦስተኛው ቀን መጣች፣ ሸሚዙን ከእጄ ነጠቀች፣ መብራቱ ሥር ተቀመጠች፣ ቀኝ ኪሱን በመዳፏ አንዴ ዳሰሰችው። "በየት በኩል ነው ያለው?" አለች። "በግራ" አልኳት። ከዚያ ሰባቱንም ቁልፍ በድርብ ክር ተከለች። ለመቁረጥ ስትፈልግ መቀስ ነው የሚያስፈልግህ፤ በእጅ አይበጠስም።

ደረቱን በላክኸው ክር አልሰፋሁትም። አራት ጣት ጨምሬበታለሁ። ሙላው።

ይሄው ታጥፎ ደርሶሃል። ሥራ ቦታ ልበሰው፤ ካፖርት አትደርብበት። ባልደረቦችህ ኪሱ ለምን በስተቀኝ ሆነ ብለው ቢጠይቁህ ፋሽን ነው እንዳትል።

እህትህ፣ ሰፊዋ